የመዳቡ ጋን ተረፈ፤ ሕክምናውስ?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ፋብሪካ ሲሸጥ ከግንቡና ከማሽኑ ጋር ምን ምን አብሮ ይሸጣል?» ሲል ጠየቀኝ። የአገራችን ቢራ ፋብሪካዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ማየቱ ነው ጥያቄውን የጫረበት። የሕግ ሰው ነኝና አንቀጽ እንድጠቅስለት ጠብቆ ነበር። ለእኔ ግን ትዝ ያለኝ አንቀጽ ሳይሆን፣ ከሃያ ዓመት በፊት አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ የገባሁበት ባዶ ቢራ ፋብሪካ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፋብሪካው ፓብስት ይባላል። በ1844 ከጀርመን የመጣው የቤስት ቤተሰብ ጀመረው፤ ኋላ ፍሬድሪክ ፓብስት የተባለ የእንፋሎት መርከብ ካፒቴን የቤስትን ልጅ አግብቶ ከመርከብ ወደ ጠመቃ ተዛወረ። በ1889 ድርጅቱ በእርሱ ስም ተጠራ። የአሜሪካ መንግሥት መጠጥን ከ1920 እስከ 1933 ሲከለክል ፓብስት አይብ እያመረተ ዘመኑን አለፈ። አይብ ሠርቶ የተረፈ ፋብሪካ በ1996 ግን ተዘጋ። ስሙን የያዘው ኩባንያ አልከሰረም፤ ቢራውን በሌሎች ፋብሪካዎች በኮንትራት እያስጠመቀ ቀጠለ። የተዘጋው ሚልዋኪ ያለው ግቢ ብቻ ነው።

እኔ በ2003 ለአጭር ሥልጠና ቺካጎ ነበርኩ። ሚልዋኪ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ቅዳሜና እሑድ እንድመጣ ጋበዘችኝ። ጎረቤቷ በፓብስት ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠሩ አዛውንት ነበሩ። ኢትዮጵያዊ እንግዳ መምጣቱን ሲሰሙ «ላስጎበኝህ» አሉኝ። ከተማዋን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያሰቡት ፋብሪካውን ኖሯል። ጥበቃው ያውቃቸዋል፤ «ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ እግራችሁ ስር እያያችሁ» ብሎ አስገባን።

ግቢው አንድ ሰፈር ያህላል። መንገዱን የሚሻገረው ትልቁ የፓብስት ምልክት መብራቱ ጠፍቷል። መስኮቶቹ ተሰባብረዋል፤ ርግቦች ከፎቅ ፎቅ ይበራሉ፤ በጣሪያው የገባ የዝናብ ውኃ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል። የብቅል ሽታ የሚቀር መስሎኝ አየሩን ሳብኩ፤ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ብቻ ነው። መጥመቂያው አዳራሽ ስንደርስ ግን አዛውንቱ ኮፍያቸውን አወለቁ። ቤት የሚያካክሉ የመዳብ ጋኖች አቧራ ለብሰው በተርታ ቆመዋል። የጠላ ጋን አይቶ ላደገ ሰው የእነዚህ ግዝፈት ያስደነግጣል። በላያቸው የቢራ ንጉሥ የሚሉት ጋምብሪነስ በባለቀለም መስታወት ተሥሎ ጽዋውን አንሥቶ ይታያል።

አዛውንቱ አንዱን ጋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ስለ ሥራው ነገሩኝ፦ ገብሱ እንዴት እንደሚበቅልና እንደሚደርቅ፣ ጌሾን የሚመስለው ሆፕስ መቼ እንደሚጨመር፣ ከፈላ በኋላ ስንት ቧንቧ አልፎ ጓዳ እንደሚወርድ። በጓዳው ቅዝቃዜ ጉልበታቸው እንደተጎዳ እንደ ቀልድ ነው ያነሡት። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩ፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ጡረታዬ በየወሩ ይመጣል፤ የሐኪሙን ግን ከ1996 ጀምሮ እኔው ነኝ የምከፍል።»

ቺካጎ ተመልሼ ጉዳዩን አነበብኩት። ኩባንያው ፋብሪካውን በዘጋበት ዓመት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጡረተኞችን የጤናና የሕይወት መድን አቋርጧል። ጡረተኞቹ «የዕድሜ ልክ መብታችን ነው» አሉ። ኩባንያው «መብቱ የመጣው በኅብረት ስምምነት ነው፤ ስምምነቱ ዘመኑ አልቋል» አለ። ጉዳዩ በይግባኝ ሰባተኛው የፌዴራል ምድብ ችሎት ደርሶ በ1998 ለኩባንያው ተፈረደ።

በ1974 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ጡረታንና ሕክምናን ለያይቶ ያያል። የጡረታ አበል ሠራተኛው የተወሰነ ዘመን ካገለገለ በኋላ የማይነጠቅ ሀብቱ ይሆናል፤ ዋስትና የሚሰጥ የመንግሥት ተቋምም አለው። ሕክምናን ግን ሕጉ እንዲህ አላጠረውም፤ የሚጸናው ውሉ «ይጸናል» ካለ ብቻ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2015 በሌላ ኩባንያ ጉዳይ፣ ውሉ ዝም ባለበት ቦታ ዳኛ የዕድሜ ልክ መብት መገመት እንደማይችል ወስኗል። እውነቱን ለመናገር እኔም ዳኛ ብሆን በዚያ ውል ላይ ሌላ ፍርድ ለመስጠት እቸገር ነበር። የሚያንገበግበው ስህተቱ ከፍርዱ በፊት፣ ውሉ በተጻፈበት ጠረጴዛ ላይ የተሠራ መሆኑ ነው። የኩባንያው ጠበቃ የጻፈውን ያውቃል፤ ሠራተኛው የያዘው ግን የአለቃውን የቃል ተስፋና ለዓመታት ሲሠራበት የቆየውን ልማድ ነበር።

የግንቡ ዕጣ ደግሞ ሌላ ሆነ። እኔ በገባሁበት በዚያው በ2003 ግቢው በአገሪቱ የታሪካዊ ሥፍራዎች መዝገብ ሰፈረ። መዝገቡ ባለንብረቱን ከማፍረስ አያግደውም፤ ላደሰው ግን ከወጪው 20 በመቶ የሚደርስ የፌዴራል ግብር ቅናሽ ያስገኛል። በ2005 አንድ የመዝናኛ ማዕከል ዕቅድ ከከተማው 41 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ በምክር ቤቱ ውድቅ ተደረገ። በ2006 ጆሴፍ ዚልበር የተባለው የከተማው ባለሀብት ግቢውን ገዛ፤ ከተማውም ለመንገዱና ለመሠረተ ልማቱ ወደ 29 ሚሊዮን ዶላር መደበለት፤ ገንዘቡም ልማቱ ከሚያመጣው ተጨማሪ የንብረት ግብር እየተመለሰ የሚተካ ነው። የበርሜል ማከማቻው መኖሪያ ቤት ሆነ፤ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ሳይቀር ግቢው ውስጥ ተከፈተ። መጥመቂያው በ2013 ሆቴል ሆነ። ይህን ሥራ አልነቅፍም፤ እንዲያውም አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሌሊት የሚፈርሱትን ቤቶች ሳስብ ያስቀናኛል።

በነገራችን ላይ፣ የራሱ ትልቅ ፋብሪካ የሌለው ፓብስት በ2016 ቢራውን የሚጠምቅለትን ኩባንያ ከሶ ነበር። ክርክሩ ምን መሰላችሁ? የጠመቃው ውል ዘመኑ ሲያልቅ ሊራዘምልኝ ይገባል የሚል ነው! ያን ጊዜ ባለቤቶቹ ከ1996ቱ የተለዩ መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ቢሆንም ፈገግ ማለቴ አልቀረም። ጉዳዩ ዳኞቹ ውሳኔ ሳይሰጡ በስምምነት አለቀ።

በ2019 ዳግም ሚልዋኪ ሄድኩ። አዛውንቱ አርፈዋል። የአክስቴ ልጅ ሆቴሉን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። የመዳቦቹ ጋኖች ተወልውለው ያበራሉ፤ እንግዶች አጠገባቸው ፎቶ ይነሣሉ። ንጉሡም ከነጽዋው በቦታው አለ። የሰፈሩን ታሪክ የምትተርክ ወጣት ስለ ካፒቴኑ፣ በጠርሙሱ አንገት ይታሰር ስለነበረው ሰማያዊ ሪባን፣ ስለ አይቡም ሳይቀር አሳምራ ነገረችን። ስለ ጡረተኞቹ ጠየቅኋት። አልሰማችም፤ ከልቧ አዝና «እጠይቃለሁ» አለችኝ።

ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። ሐረርና በደሌ በ2011 ለሃይኒከን በ163 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። ሜታ በ2012 ለዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2022 ደግሞ የጊዮርጊስ ባለቤት የሆነው ካስቴል ገዛው። ጋዜጦቻችን፣ እኔንም ጨምሮ፣ ዋጋውን በዶላር ጻፍን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ ዓመት የእኛው ነው) ድርጅት ባለቤቱን ስለለወጠ ብቻ የሥራ ውል አይቋረጥም ይላል፤ መልካም ነው። የጡረታ መዋጮውም፣ 11 በመቶው ከአሠሪው፣ 7 በመቶው ከሠራተኛው፣ በአዋጅ የቆመ ስለሆነ ሻጭና ገዢ አይደራደሩበትም። ከጡረታ በኋላ የሚሰጥ ሕክምና ግን፣ ካለ፣ የሚኖረው ልክ እንደ ሚልዋኪው በኅብረት ስምምነት ውስጥ ነው። ኅብረት ስምምነት ደግሞ ዘመን አለው።

ይህን ስነግረው ወዳጄ ዝም አለ። በሳምንቱ የአንድ ፋብሪካ ኅብረት ስምምነት ከዘመዱ ለምኖ አመጣልኝ። የሕክምናውን ምዕራፍ አንቀጽ በአንቀጽ አነበብኩ፤ ሠራተኛውን፣ ባለቤቱን፣ ልጆቹን በዝርዝር ይጠቅሳል። «ጡረተኛ» የሚለውን ቃል ፈለግሁ። ከመላው ሰነድ አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ፤ በጡረታ ለሚሰናበት ሠራተኛ ስለሚደረገው የሽኝት ዝግጅትና ስጦታ በሚናገረው አንቀጽ።