«አዳሪ ትምህርት ቤት» ሲባል

 

ባለፈው ከቶሮንቶ አገር ቤት ስደውል የአክስቴ ልጅ «ልጄ አዳሪ ትምህርት ቤት አለፈ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም አብሬ እልል አልኩ። አገር ቤት አዳሪ የሚገባው ጎበዝ ልጅ ነዋ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቃሉ አልለቀቀኝም። በዚያው ሰሞን «ራይምስ ፎር ያንግ ጉልስ» የሚባል የ2013 ፊልም አይቼ ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ)።

ፊልሙን የሠራው ጄፍ ባርናቢ የሚክማቅ ሕዝብ ልጅ ነው። በካውቦይ ፊልም «ቀይ ሕንዶች» እያልን ካየናቸው ነባር ሕዝቦች፣ ከአገሩ ባለቤቶች ወገን ማለት ነው። ታሪኩ 1976 ላይ ነው። አይላ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ራሷን አጥፍታለች፣ አባቷ ታስሯል። ሀሺሽ እየሸጠች ፖፐር ለሚባለው የመንግሥት ሹም ጉቦ ትከፍላለች። ጉቦው ለምን መሰላችሁ? አዳሪ ትምህርት ቤት ላለመግባት! አንድ ቀን ገንዘቡ ጠፋና ገባች። መጀመሪያ ፀጉሯን ሸለቷት፣ ከዚያ ጨለማ ክፍል ቆለፉባት።

በቀሏን አልነግራችሁም ብዬ ነበር፤ አንዷን ግን ልንገራችሁ። ሹሙ ሻወር ውስጥ ሲታጠብ ከቧንቧው ዓይነ ምድር ወረደበት። አልዋሻችሁም፣ ሳቅሁ። ሳቁ ብዙም አልቆየልኝም፤ ፊልሙ የሚያልቀው በደም ነው። ጥይቱን የሚተኩሰው ሕፃን ልጅ ነው፣ ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ከእስር ተፈትቶ የመጣው የአይላ አባት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንላለን። እዚህ ካናዳ ግን የወጋውም በሕግ ጽፎ አስቀምጦታል። ከ1920 ጀምሮ የነባር ሕዝቦች ወላጅ ልጄን ለአዳሪ ትምህርት ቤት አልሰጥም ማለት አይችልም ነበር። መንግሥት ገንዘቡን ይሰጥ፣ አብያተ ክርስቲያናት ያስተዳድሩ ነበር፤ ልጁ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ከተሰማ ይቀጣ ነበር። 150,000 ያህል ሕፃናት በዚህ አለፉ። ከ4,000 በላይ የሚሆኑት እዚያው መሞታቸው ተመዝግቧል። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው፤ እኔ በዚያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ። ልጄ አማርኛ እንቢ ሲለኝ እናደዳለሁ፤ በአማርኛው የገረፈው ግን የለም።

ጉዳዩን የመረመረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ስለ እኛ ስለ መጤዎቹ ናቸው፦ ታሪኩ ይነገራቸው፣ የዜግነት መሐላቸውም ይስተካከል ይላሉ። መሐላው በ2021 ተስተካከለ። እኔም ዜግነት ስቀበል ቀኝ እጄን አንስቼ የነባር ሕዝቦችን መብትና ውል አከብራለሁ ብዬ ማልኩ። ያን ቀን ሐሳቤ ሁሉ ፓስፖርቱ ላይ ነበር፤ የማልኩት ምን እንደሆነ የገባኝ ፊልሙን ሳይ ነው።

ባርናቢ በ2022 በካንሰር ሞቷል፣ በ46 ዓመቱ።

ወደ ካናዳ ፕሮሰስ የጀመራችሁ ልጆች «ምን ዓይነት ጃኬት እንግዛ?» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ጃኬቱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይህን ፊልም ፈልጋችሁ እዩት። ሕፃናቱን ግን አስተኟቸው።