አዋጁ ጂንካም አሶሳም ይድረስ

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዛል። ቀጣሪውም የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች፣ ካስፈለገም ረዳት እንዲመድብ ያስገድዳል። ይህ መብት ግን ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆኑ ብሔረሰቦች የተወለዱ አካል ጉዳተኞች ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

እንቅፋቱ የሚጀምረው ገና ከትምህርት ነው። የሰበታ፣ የባኮና የሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶችም ሆኑ መስማት ለተሳናቸው የተቋቋመው የሆሳዕናው ትምህርት ቤት እነዚህ ብሔረሰቦች ከሚኖሩባቸው ከጂንካና ከአሶሳ ገጠሮች ሩቅ ናቸው። ትምህርት ያላገኘች መስማት የተሳናት የአርብቶ አደር ልጅ ከቤተሰቧ ጋር በፈጠረችው ምልክት ብቻ ታድጋለች፤ ለቅጥር ፈተና አስተርጓሚ ቢመጣላት እንኳ እርሱ የሚያውቀው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ለእርሷ ባዕድ ነው። ከአገሩ ርቆ ብሬይል የተማረ ዓይነ ስውር ደግሞ ሲመለስ በእናቱ ቋንቋ የተጻፈ ነገር በብሬይል አያገኝም። ማስታወቂያውም ቢሆን በቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ለማያይ ሰው እንዳልወጣ ይቆጠራል።

ሕጉ ራሱም ክፍተት ነበረበት። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ተዋፅኦአቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ላሉ አባላት ቅድሚያ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ሦስቱን ለየብቻ ጠራቸው እንጂ በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ምን እንደሚደረግ አልተናገረም። ጫናው የሚከብደው ደግሞ ሦስቱ በተደራረቡባት ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ የመንግሥትም ሆነ የግል ቀጣሪዎች ማስታወቂያቸውን በአካባቢው ቋንቋ በሬዲዮ ያስነግሩ፤ በቀበሌና በዕድር በኩልም ያድርሱ። የፈተና ቀን ከመቁረጣቸው በፊት ተወዳዳሪው በየትኛው ቋንቋ፣ በምን መንገድ መፈተን እንደሚችል ይጠይቁ። የዞንና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የአካል ጉዳተኛ ሥራ ፈላጊዎችን መዝገብ ሲይዙ ቋንቋቸውን አብረው ይመዝግቡ። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት አባል ምዝገባቸውን ከትልልቅ ከተሞች አውጥተው ወደ ገጠር ይዝለቁ፤ የቤት ውስጥ ምልክትን የሚያውቅ የቤተሰብ አባል በፈተናም በሥራም ላይ እንዲያግዝ ይሟገቱ። ጎረቤቱ ወይም ዘመዱ አካል ጉዳተኛ የሆነ አንባቢም ያየውን የሥራ ማስታወቂያ ዛሬውኑ ያንብብለት፣ ማመልከቻውንም ያድርስለት።

ሳይቀጠር የቀረ ተወዳዳሪ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ። በአዋጅ 568/2000 መሠረት አድልዎ ደረሰብኝ ብሎ የከሰሰ አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት ቀጣሪው ነው።