ስላረገዘች የቤት አገልጋይ

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ልዩ ልዩ አሳብ ስናቀርብ ቆይተናል። ዛሬ ግን በየቤታችን ጓዳ እያለች ነገሯ በጽሑፍ እምብዛም ስለማይነሣው ሰው ልናመለክት ወደድን፤ ይኸውም ስላረገዘች የቤት አገልጋይ ነው።

በአገራችን ነፍሰ ጡርንና አራስን ማክበር የቆየ ልማድ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ባለችበት ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ ማርያም ማርያም ይላል፤ በተገላገለችም ጊዜ እንኳን ማርያም ማረችሽ ትባላለች። ገንፎው ይገነፋል፥ አጥሚቱ ይፈላል፥ አራሷም ብቻዋን አትተውም። ወንድ የወለደች በ40፥ ሴት የወለደች በ80 ቀን ልጇን ልታስጠምቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን እስክትወጣ ድረስ ከባድ ሥራ ባትነካ ይመረጣል። ይህን ሁሉ የምናደርገው ግን ለሚስታችን፥ ለእኅታችንና ለልጃችን ነው። ያንን ገንፎ የምታገነፋው አገልጋይ ራሷ ያረገዘች እንደ ሆነ፥ ደመወዟን ቆጥረን ጥቂት ብር ጨምረን ወደ አገርሽ ሂጂ እንላታለን፤ በዚህም ደግ የሠራን ይመስለናል።

ሕጉን እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሴቶች አለ እንጂ የመሥሪያ ቤት ሴቶች አላለም፤ እኛ በጽሕፈት ሥራ ስላደግን እንዲህ ያለውን ቃል ሳንመረምር አናልፍም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ሰጥቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 የኋለኛውን ወደ 90 ቀን ከፍ አደረገው። እንግዲህ ሕጉ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሚጠበቀው ከ80ው ቀን 10 ቀን አልፎ ሄደ ማለት ነው። ደግሞም ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በሥራ እንዳትመደብ፥ ለእርግዝና ምርመራ ስትሄድ ደመወዟ እንዳይቆረጥ፥ ነፍሰ ጡር ሳለችና ከወለደችም በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ አሠሪው እንዳያሰናብታት ይከለክላል።

ይሁን እንጂ ይህ አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት የሚባለውን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። የቤት አገልጋይ በዚህ ቃል ውስጥ ገብታ ከአዋጁ ወጣች። በ2003 ዓ.ም. በጄኔቭ የተሰበሰበው የዓለም የሥራ ጉባኤ ቁጥር 189 በሆነው ስምምነት የቤት ሠራተኛ በወሊድ ነገር ከሌላ ሠራተኛ እንዳታንስ ተናግሯል፤ ነገር ግን የጄኔቭ ቃል እስከ ጓዳችን ድረስ በራሱ እግር አይመጣም።

በምንሠራበት የፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን አዝላ ቀረበች። ማመልከቻ ጸሐፊ የጻፈላት ክስ ሁለት ነገር ነበረው፤ አንደኛው ያልተከፈላት የ2 ወር ደመወዝ፥ ሁለተኛው በ7 ወር ነፍሰ ጡርነቷ ስለ ተባረረች የሚገባት ካሣ። ዳኛው የ2ቱን ወር ደመወዝ ፈረዱላት፤ ስለ ሁለተኛው ግን የሚጠቀስ አንቀጽ አልቀረበምና ውድቅ ሆነ። ትእዛዙን የጻፍነው እኛ ነን። ግልባጩን ስንሰጣት፥ «ጌታዬ፥ ለፋብሪካዋ ሴት የተባለው ለእኔ አይሆንም ወይ?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልሰጠናትም፤ ተከታዩን ባለ ጉዳይ ጠራን።

ያላመጣነው ምክንያት ነበረ። ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ ባለ ቤታችን ማታ ራት ስናቀርብ፥ «የልጅቱ ሆድ ገፍቷል፤ ምን ይሻላል?» ብላን ነበር። እኛም ጋዜጣችንን ሳናስቀምጥ፥ «የወሩን ስጫትና ወደ ዘመዶቿ ትሂድ» አልናት። ልጅቱ በማግስቱ ልብሷን በፌስታል ይዛ ሄደች። ወልዳ ይሁን፥ በሕይወት ትኑር አትኑር፥ እስከ ዛሬ አልሰማንም፤ አልጠየቅንምም።

የማባረራችን ጉዳት በተባረረችው ብቻ አያበቃም። በየሰፈሩ ያሉ አገልጋዮች ይህን ያያሉ፤ ስለዚህ ያረገዘችው ትደብቃለች። ሆዷን በመቀነት ታስራለች፥ ውኃውን ትሸከማለች፥ ብርድ ልብሱን ታጥባለች፥ ጌታው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲመጣ ተነሥታ በር ትከፍታለች። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን፥ ሄዳ ብትመረመር ይታወቅብኛል ብላ ትቀራለች። የራስ ምታት፥ የዓይን ብዥታ፥ የፊትና የእጅ እብጠት የደም ግፊት ምልክት መሆኑን የሚነግራት የለም፤ ድካም ነው ብላ ታልፈዋለች። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት 412 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ እንደ ነበረ ተገምቷል። ከእነዚህ ስንቶቹ ፍርሃት የደበቃቸው እንደ ሆኑ ማን ይቆጥራል?

ቤቴ ጠባብ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉን፤ እውነት ነው። ሥራውን ማን ይሠራል የሚሉም አሉ። ለ120 ቀን ሁለት ደመወዝ መክፈል ከባድ ነው ለሚሉት ግን፥ ለአንድ ልጅ ክርስትና የምንደግሰውን ድግስ ሒሳብ አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው እንዲያወጡት እንለምናቸዋለን። ልጁ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ደግሞ፥ በአንዳንድ ቤት ከባለ ቤቱ ከራሱ በቀር የሚመልሰው ስለሌለ፥ ለዛሬ እንተወዋለን።

ሕግ አውጪዎች የአገልጋይቱን ነገር በአንቀጽ እስኪያስገቡት ድረስ ባለ ቤት በወረቀት ሊያስገባው ይችላል። ውል ሲዋዋል የሚከለክለው የለም። ዘንድሮ በቤታችን ያለችው አገልጋይ በ5ኛ ወሯ፥ «እትዬ፥ አያባርሩኝ» ብላ ለባለ ቤታችን ነገረቻት። በማግስቱ በነጭ ወረቀት ጻፍነው፤ ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዟ ሳይጎድል ልታርፍ፥ ለምርመራ በምትሄድበት ቀን ሥራ ላትጠየቅ፥ ስትመለስም ከልጇ ጋር ልትቀመጥ። ጮክ ብለን አነበብንላት፥ ሁለት ጎረቤቶች በምስክርነት ፈረሙ፥ አንዱን ቅጅ ለእርሷ ሰጠናት። ባለፈው ማክሰኞ ባለ ቤታችን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ የደም ግፊቷ ተለካ፥ የቀጠሮ ካርድም ተሰጣት። ጓዳው ለሁለት ሰው ስለሚጠብ የመጻሕፍታችንን ሣጥን ወደ እልፍኝ አውጥተን ለሕፃኑ አልጋ የሚሆን ቦታ አስለቀቅን።