የፈረሱን ጉልበት አትተኩሱ

እኩዮቼ፣ ስሙኝማ። እኛ ጉልበታችን ሲከዳን ወንዛዬ ወርደን ፍል ውሃው ውስጥ ተዘፍዝፈን እንሰነብታለን። የፈረሳችን ጉልበት ሲያብጥ ግን ብረት እሳት ውስጥ እንከታለን። ለሌላ ሰው ተግሣጽ ከመስጠቴ በፊት የራሴን ጥፋት ላውራ።

ባዝራዬ የጣለችው ዳማ ውርንጭላ ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት የፊት ጉልበቶቹ ተጋጥመው ሰኮናዎቹ ወደ ውጭ ይሄዱ ነበር። «ሲያድግ ይቃናል» አልኩ። አምስት ወር ሞላው፤ አልቀና። ያኔ ብረት አግዬ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት መሥመር ሳብኩበት። አንደኛው መሥመር አመረቀዘና በአራተኛው ቀን እንደ ማር የሚሳብ ቢጫ ፈሳሽ አወጣ። የመገጣጠሚያው ዘይት ነበር። እሳቱ ቆዳውን አልፎ ውስጡን ከፍቶታል። እኔ ደግሞ ቁስል ይደርቅ ብዬ አመድ ነሰነስኩበት! ከዚያ ወዲያ ያንን እግር መሬት አላስነካም።

ነገሩን ያስረዳኝ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነው። የውርንጭላ እግር የሚረዝመው በአጥንቱ ጫፍ አጠገብ ባለች ለስላሳ የእድገት መሥመር በኩል ነው። አንዱ ጎን ሲፈጥን ሌላው ሲዘገይ እግሩ ይጣመማል። ቀዶ ሐኪም በፈጠነው ጎን ብሎን አስገብቶ እድገቱን ይይዘዋል፤ የዘገየው እስኪደርስበት ይጠብቅና ብሎኑን ያወጣዋል። ሳያወጣ ከረሳው እግሩ ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። ግን ቀን አለው። ከሰኮናው በላይ ያለው ቁርጭምጭሚት ሁለት ወር ካለፈው ለማቃናት ይቸግራል፤ ጉልበቱ እስከ ስድስት ወር ገደማ ፋታ ይሰጣል። ብዙው ጠማማ ደግሞ ቢላም አይፈልግም፤ በጊዜ ከታየ በጠባብ በረት ማሳረፍና ሰኮናውን በሞረድ ማስተካከል ይበቃዋል። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ በላሁት።

ካደገ በኋላስ? ባርባሮ የሚባል ስመ ጥር የአሜሪካ የእሽቅድምድም ፈረስ እ.ኤ.አ. በ2006 የኋላ እግሩ ተሰበረ። በብረት ሳህንና በ27 ብሎን ገጠሙት። አጥንቱ ሊድን ሲቃረብ ክብደቱን የተሸከሙት ሌሎቹ እግሮች ሰኮናቸው ከውስጥ ታመመ፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 በመርፌ አሰናበቱት። ፈረስ እንደ እኛ አልጋ ላይ ተኝቶ አይታከምማ። ያ ሁሉ ገንዘብና ሐኪም ያላዳነውን እኛ በማረሻ ብረት እናድናለን?

ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጋሪ የምትጠምዱም አላችሁ። የጉልበቱ እድገት ያኔ ገና አልተዘጋም። ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ሁላችንም የፈረስ እግር አዋቂ ነን፤ በረታችን ስንመለስ ምን እንደሚነካን እንጃ።

መገጣጠሚያ አጠገብ የቆሰለ እንደሆነ አመድ፣ እበት፣ የተቃጠለ ዘይት አታስጠጉ። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ አጥባችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ያንኑ ቀን ሐኪም ጥሩ። ቁስሉ ወደ ውስጥ ከዘለቀ መገጣጠሚያው በሰዓታት ውስጥ መታጠብ አለበት፤ ካደረ ይበላሻል።

አንተ ደግሞ፣ ባዝራህ በዚህ ወር ትወልዳለች አሉ። በአሥረኛው ቀን ጥራኝ። ሐኪሙን ይዤ እመጣና ፊት ለፊት ቆመን እግሩን አብረን እናያለን። ያን ብረትህን ግን ከምድጃው አጠገብ አንሣልኝ።