የ35 ቀኑ መጽሐፍ ስንት ዓመት ፈጀ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ቪዲዮ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለቱ በቴሌግራም፣ አንዷ በቲክቶክ። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ፍሬድሪክ ፎርሳይት የሚባል እንግሊዛዊ ኪሱ ባዶ ሲሆንበት ታይፕራይተር ፊት ተቀመጠ፤ በ35 ቀን ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ ጽፎ ተነሳ፤ ሀብታም ሆነ። ከዚያ ያ የምታውቁት ወፍራም ድምፅ ይመጣና «አንተስ ምን እየጠበቅክ ነው?» ይላል።

የላኩልኝ ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም። ልብወለድ እየሞከርኩ እንደሆነ ያልነገርኩት ሰው የለም (ይሄም ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ ብዙ ያወራ ሰው የጻፈ ይመስለዋል)። ግን ምክሩ ለእኔ አዲስ አይደለም። አምና ሰምቼ ሞክሬዋለሁ። ስልኬ ላይ ከ1 እስከ 35 ቁጥር ደረደርኩ፤ በቀን አንድ ሺህ ቃል ልጽፍ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ በጽሑፍ የሚከፈሉኝን የፍሪላንስ ሥራዎች ለአምስት ሳምንት አልቀበልም አልኩ። በ11ኛው ቀን ቆምኩ። ሥራው አመለጠኝ፣ የቤት ኪራዩ ደረሰ፣ ልብወለዱም ባንክ በር ላይ እንደተገተረ ቀረ። ወደ ባንኩ በር እመለስበታለሁ።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ትንሽ ቂም ይዤ ነው። ቪዲዮው ውሸት አልተናገረም። ቆርጦ ያስቀረው ግን ዋናውን ነው።

ኤዲ ሬድሜይን የሚተውንበትን፣ በ2024 የወጣውን ተከታታይ ፊልም ያያችሁ «ጃካል» የሚለውን ስም ታውቁታላችሁ። ያ ቅጥረኛ ነፍሰ ገዳይ የመጣው ከፎርሳይት የመጀመሪያ ልብወለድ፣ በ1971 ከታተመው «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» ነው። (ከአገራችን ታሪክ ውጪ ያሉትን ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ደራሲው በሰኔ 2025 በ86 ዓመቱ አርፏል።

ፎርሳይት በ1969 መጨረሻ ከቢያፍራ ጦርነት ወደ ለንደን ሲመለስ 31 ዓመቱ ነበር። ቢቢሲን ትቶ ጦርነቱን እንደ እኔ ቢጤ በፍሪላንስ ነበር የዘገበው፤ እኔ ከሶፋዬ ሳልነሳ፣ እሱ ጥይት በሚወርድበት። ሲመለስ ሥራ የለም፣ ቤት የለም፣ ገንዘብ የለም። ጓደኛ ቤት ሶፋ ላይ ያድራል። በጥር 1970 መጀመሪያ፣ ክዳኑ ላይ ከቢያፍራ የተረፈ የጥይት ጭረት ያለባትን ታይፕራይተር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መምታት ጀመረ። በ35 ቀን ጨረሰ። መጽሐፉ ሲታተም ከ350 ገጽ በላይ ነው የሆነው፤ ለ35 ስታካፍሉት በቀን አሥር ገጽ ይመጣል። ከዚያ በፊት አንድም ልብወለድ ጽፎ አያውቅም። ለምን እንደጻፈ ሲጠየቅም ስለ ጥበብ ጥሪ ምናምን አላወራም፤ ገንዘብ ስላስፈለገኝ ነው ይል ነበር።

እስከዚህ ቪዲዮው ልክ ነው። አሁን ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ።

በ1962 ሮይተርስ የሚባለው የዜና ወኪል ፎርሳይትን ፓሪስ መደበው። ፈረንሳይ አልጄሪያን የለቀቀችበት ዓመት ነው። በዚህ የተናደዱ ወታደሮችና ሰፋሪዎች የመሠረቱት ኦኤኤስ የተባለ ኅቡዕ ድርጅት ፕሬዚዳንት ደ ጎልን ለመግደል አድፍጧል። ነሐሴ 22 ቀን 1962 ፔቲ ክላማር በምትባል የፓሪስ ዳርቻ መኪናቸው ላይ ጥይት አዘነቡበት፤ ሰውየው ተረፉ። የወጣቱ ዘጋቢ ሥራ እንግዲህ ይሄ ነበር፦ ደ ጎል የሄዱበት መሄድ፣ ደጅ ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ ከተገደሉ ወሬውን ቀድሞ መላክ። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ለሰዓታት ደጅ የቆመ ሰው ምን ያያል? ጠባቂዎቹ የት እንደሚቆሙ፣ መኪናው በየት እንደሚገባ፣ ፖሊስ ማንን አስቁሞ ማንን እንደሚያሳልፍ። ከጠባቂዎቹ ጋር ያወራል፤ ከሚያወሩት ይሰማል። በመጨረሻ አንድ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ኦኤኤስ ውስጥ የመንግሥት ሰላይ ሞልቷል፤ የአባላቱ ስምና ፎቶ ፖሊስ መዝገብ ላይ አለ፤ ስለዚህ ደ ጎልን መግደል የሚችል ሰው ቢኖር ከውጭ የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ባለሙያ ብቻ ነው።

በቃ፣ ልብወለዱ ይሄ ነው። ሐሳቡ ሰባት ዓመት ገደማ ጭንቅላቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ቀሪውንም ቢሆን ከሐሳቡ አፍልቆ አልጻፈውም። ሐሰተኛ ፓስፖርት እንዴት እንደሚገኝ፣ ተፈታቶ የሚደበቅ ጠመንጃ እንዴት እንደሚሠራ ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቋል። ነፍሰ ገዳዩ በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ስም ከመቃብር ላይ ወስዶ የልደት ምስክር ወረቀቱን ያወጣል፤ በዚያ ፓስፖርት ይጠይቃል። እንግሊዝ አገር ይህ ቀዳዳ ልብወለዱ ከወጣ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት አልተደፈነም ነበር። አንባቢን ወንበሩ ላይ የሚያስቀረው ሽጉጡ ሳይሆን እንዲህ ያለው ነገር ነው። «ይሄ እኮ ይቻላል!» የሚያሰኘው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር መጀመሪያ ሰሞን ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ ክምችትና ፍሰትን አትቀላቅሉ የሚል ነበር። ግድብ ውስጥ ያለው ውኃ ክምችት ነው፤ በቦዩ የሚወርደው ፍሰት ነው። በሩን ከፍቶ በ35 ቀን ብዙ ውኃ ማውረድ ይቻላል፤ ክረምቱን ሙሉ የተጠራቀመ ካለ። እኔ አምና ያደረግኩት ባዶ ግድብ በር ላይ ቆሞ ጎማውን ማዞር ነበር። 11 ቀን ሙሉ!

እዚህ ላይ ቪዲዮዎቹ ጨርሶ የማይጠይቁት ጥያቄ አለ። ክምችቱን ማን ከፈለበት? ለፎርሳይት ሮይተርስ ከፈለለት፤ ከፓሪስ በኋላ ምሥራቅ በርሊን ላከው። ቀጥሎ ቢቢሲ ከፈለው፤ መጀመሪያ ወደ ናይጄሪያ የላከውም እሱ ነው። ደመወዝ እየበላ ነው ያየው። ለ35ቱ ቀን ሶፋው ብቻ በቃው፤ ትልቁ ወጪ ቀድሞ በሌላ ሰው ኪስ ተሸፍኗል።

አሁን የእኛን ዕድሜ እዩት። እኔና አብዛኞቹ የማውቃቸው ጸሐፊዎች የምንከፈለው በአንድ ጽሑፍ ነው። ዛሬ ካላስገባን ዛሬ የለም። ማንም ሰው «ሂድና እዚያ በር ላይ ስድስት ወር ቁም» ብሎ አይከፍለንም። ስለ ወደብ እንጽፋለን፣ ወደብ አላየንም። ስለ ፍርድ ቤት እንጽፋለን፣ አንድም ቀን ችሎት አልተቀመጥንም። ሁሉም የመጣው ከስልክ ነው፤ ስልክ ላይ ደግሞ ሌላው ሰውም ከስልኩ ያገኘው ነው ያለው። ፍሰቱን ይገዙናል፤ ክምችቱ የራሳችሁ ጉዳይ ነው እንባላለን። ከዚያ በላዩ ላይ ቪዲዮው መጥቶ «ሰነፍ ነህ» ይለናል።

ወደ ለንደን ልመለስ፤ ምክንያቱም ከጻፈ በኋላ ያለውም ደስ የሚል ታሪክ ነው። አሳታሚዎቹ መጽሐፉን ደጋግመው መለሱት። ምክንያታቸው የሚያሳፍር አልነበረም። ደ ጎል በዚያን ጊዜ በሕይወት አሉ፤ አንባቢ እንደማይገደሉ እያወቀ ምን ይዞት ያነባል? ፎርሳይት ያኔ ብልህ ነገር ሠራ። ሁሉንም ገጽ ተሸክሞ ከመዞር ይልቅ የሦስት ገጽ ማጠቃለያ ጻፈ። ዋናው ነገር ይገደላሉ ወይስ አይገደሉም አይደለም፤ ነፍሰ ገዳዩ እንዴት እየቀረበ እንደሚመጣና ፖሊስ እንዴት እንደሚያሳድደው ነው አለ። ይህን ያየው የሃቺንሰን አሳታሚ ሰው ሃሮልድ ሃሪስ ተቀበለው። ቅድሚያ ክፍያው 500 ፓውንድ፤ ገና ላልተጻፉ ሁለት መጻሕፍት ደግሞ 6,000 ፓውንድ። የመጀመሪያው ኅትመት 8,000 ቅጂ ነበር። በኋላ በሚሊዮኖች ተሸጠ።

6,000ውን ልብ በሉልኝ። ለተጻፈው 500፣ ላልተጻፈው 6,000! አሁን ደግሞ ክምችቱን የሚከፍለው አሳታሚው ሆነ ማለት ነው። ፎርሳይትም በዚያ ገንዘብ ቤት አልተቀመጠም። ስለ ቅጥረኛ ወታደሮች ለሚያወራው፣ በ1974 ለወጣው «ዘ ዶግስ ኦፍ ዎር» ሲያጠና፣ ሐምቡርግ ላይ የመሣሪያ ገዢ መስሎ ከነጋዴዎቹ ጋር ተገናኘ። እሱ እንደሚተርከው አንዱ ነጋዴ በመጻሕፍት መደብር መስኮት በኩል ፎቶው ያለበትን መጽሐፍ አይቶ አወቀው፤ ፎርሳይት ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ባቡር ላይ ዘሎ አመለጠ። በ70 ዓመቱም አልተወውም። በመጋቢት 2009 ለኮኬይን ንግድ ልብወለዱ ሊያጠና ጊኒ ቢሳው በገባበት ሰሞን የአገሪቱ ጦር አዛዥና ፕሬዚዳንት በሰዓታት ልዩነት ተገደሉ።

በገንዘብ በኩል ግን ጎበዝ አልነበረም፤ ይሄንን የምጽፈው ትንሽ ለመጽናናት ነው። የመጀመሪያውን ልብወለድ የፊልም መብት ሲሸጥ ሁለት አማራጭ ሰጡት፦ 17,500 ፓውንድ ከትርፉ ድርሻ ጋር፣ ወይም 20,000 ፓውንድ አንዴ ብቻ። 20,000ውን ወሰደ። በ1973 የወጣው ፊልም እስከ ዛሬ ይታያል። መምህራችን ቢሆን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያሰላው ነበር፤ እኔ ግን አልፈርድበትም። ሶፋ ላይ ያደረ ሰው የነገን ገንዘብ በጣም አርክሶ ነው የሚተምነው።

እኛ ጋስ? በዓሉ ግርማን አስቡት። እሱም ጋዜጠኛ ነው። በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሲሄድ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆኖ ነው፤ ስብሰባዎቹን ከውስጥ ነው ያያቸው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ አንባቢው ገጸ ባሕርያቱን ከእውነተኞቹ ባለሥልጣናት ጋር እያዛመደ ያነብ ነበር። ለእሱ ክምችቱን የከፈለው መንግሥት ነው፤ ያስከፈለው ግን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም ገበያ የወጣው በ2025 ነው። አርባ ዓመት አልፎ።

ዛሬ ያ አደጋ ባይኖር እንኳ ሒሳቡ አይገጥምም። ብዙ ወጣት ደራሲ ተበድሮ ራሱ ያሳትማል፣ መጽሐፉን በዱቤ ለአከፋፋይ ይሰጣል፣ ይጠብቃል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ነው። እኔም አውርጄ አንብቤያለሁ፤ አልዋሽም። ላልተጻፈ መጽሐፍ 6,000 ፓውንድ የሚሰጥ ሰው እንዲህ ካለ ገበያ አይበቅልም።

አሁን የባንኩ በር። የእኔ ልብወለድ ስለ ባንክ ዘረፋ ነው። ሌባው የሥራ አስኪያጁን ቁልፍ ይሰርቅና ሌሊት ካዝናውን ይከፍታል። 11ኛው ቀን ላይ በሩን ከፈትኩትና ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ ጠፋኝ። ስልኬን ብጠይቀው የፊልም ካዝና አሳየኝ። ባለፈው ቅዳሜ ባንክ ቤት ዕድሜውን የጨረሰው አጎቴ ጋ ሄጄ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ከዚያ ሳቀ።

«ስማ፣ ሥራ አስኪያጁ ብቻውን መክፈት ቢችል ኖሮ እኮ ሌባ ባላስፈለገ» አለኝ።

ቁልፉ የሁለት ሰው ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። እና ዕድሜ ልኩን የፈራው ሌባን አልነበረም፤ የሁለተኛው ቁልፍ ባለቤት የዘገየበትን ጠዋት ነው። ዝናብ ዘንቦ፣ ታክሲ ጠፍቶ፣ ደንበኛ በር ላይ ተሰልፎ፣ ሁሉም ሰው አንድ ሰው ሲጠብቅ። «ያን ጊዜ ፊቴን ብታየው!» አለኝ። እኔ ደግሞ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አፌን ከፍቼ ነበር የምሰማው። ቁልፍ መስረቅ ለካ አያስፈልግም። ሰው ማዘግየት ይበቃል።

«አጎቴ፣ ይሄን ሁሉ እያወቅክ ለምን አንድ ገጽ አልጻፍክም?» አልኩት።

«ማን ጠየቀኝና?»

ይህን ስለሰማሁ ቪዲዮውን ጨርሼ አልጥለውም። ሞልቶ በሩ ያልተከፈተ ግድብም አለ፤ ለአጎቴ ምናልባት የሚያስፈልገው ያ 35 ቀን ነው። ለእኔ ግን አይደለም። ስልኬ ላይ የደረደርኩትን ቁጥር አጥፍቼዋለሁ። የመጪው ቅዳሜ ቀጠሯችን ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ የባንኩ የሌሊት ጥበቃ የነበረ ጓደኛውን ይዞልኝ ይመጣል። ቡናው በእኔ ነው።