ሳቁን የገዛው ነጋዴ

እስቲ ‹ስፔስቦልስ›ን ያያችሁ እጃችሁን አውጡ። ላላያችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አየሯን አባክና የጨረሰች ፕላኔት አለች። ገዥዎቿ የጎረቤት ፕላኔትን አየር ለመዝረፍ አስበው የንጉሡን ልጅ ለማፈን ይነሣሉ። ልዕልቷን የሚያድነው ደግሞ ዕዳ ያስጨነቀው አንድ ጀብደኛ ነው፤ ጓደኛው ግማሽ ሰው ግማሽ ውሻ። ሜል ብሩክስ በ1987 (እ.ኤ.አ.) የሠራው ኮሜዲ ነው። ዋና ዒላማው ‹ስታር ዋርስ› ነበር። አስፈሪው ዳርት ቬደር እዚህ የራስ ቁሩ የዋጠው መነጽራም አጭር ሰውዬ ሆኗል። ጠቢቡ ዮዳም ‹ዮገርት› ተብሏል፤ እርጎ እንደማለት።

አሮጌ ፊልም ምን አስነሣህ ትሉኝ ይሆናል። ሁለተኛው ክፍል ሊመጣ ነው። ብሩክስ ራሱ ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በ2025፣ አብስሯል፤ ሲኒማ ቤት የሚገባው በ2027 ነው ተብሏል። ብዙዎች ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል።

በቅርቡ ፊልሙን ደግሜ አየሁት። ‹ስታር ዋርስ› ላይ የተቀለደው አብዛኛው አርጅቷል። እንዲያውም ያኔም ተቺው ሮጀር ኢበርት ዘግይቶ የመጣ ቀልድ ነው ብሎት ነበር። ያላረጀው ፕሬዚዳንት ስክሩብ ነው፤ የሚጫወተውም ብሩክስ ራሱ ነው። የአየር እጥረት አለ ወይ ተብሎ በስልክ ሲጠየቅ በፍጹም፣ ወሬ ነው ይላል። ስልኩን እንደዘጋ የታሸገ አየር ከፍቶ ይስባል! ቆርቆሮውን አፍንጫው ላይ ደቅኖ ሲያጣጥም ሳየው ሳቄ መሃል ላይ ቆመ። ለምን እንደቆመ ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። ሹማምንቱም ያው ናቸው። በረሃውን አበጥራችሁ ፈልጉ ሲባሉ ወታደሮቹ ግዙፍ ማበጠሪያ አሸዋው ላይ ይጎትታሉ። (ይህ ቀልድ ወደ አማርኛ ሲመጣ እንኳ አልተበላሸም።) ምንም አላገኘንም ይላሉ እንጂ ትእዛዙ ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አሁን ወደ ከነከነኝ ነገር ልምጣ። ብሩክስ ፊልሙን ሲሠራ ጆርጅ ሉካስን አስፈቅዶ ነበር። ሉካስ ፈቀደለት፤ በፊልሙ ስም አሻንጉሊት እንዳይሸጥ ግን ከለከለው። ብሩክስ ክልከላውን ራሱን ቀልድ አደረገው። ዮገርት እንግዶቹን ጥበብ በማስተማር ፈንታ ሱቁን ያስጎበኛቸዋል፤ ‹ስፔስቦልስ› የተጻፈበት ቲሸርት፣ የምሳ ዕቃ፣ ልጆች በጣም ይወዱታል የሚለው የእሳት መርጫ ሳይቀር። የፊልም እውነተኛ ገንዘብ ያለው እዚህ ሸቀጥ ላይ ነው ይላቸዋል። ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ትዕይንት ይህ ነው።

ያንን ፊልም የሠራው ኤም ጂ ኤም ዛሬ የማን ነው? የአማዞን። በ2022 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ተገዝቷል። ነጋዴውን ያላገጠበት ፊልም ከዓለም ትልልቅ ነጋዴዎች የአንዱ መጋዘን ውስጥ ገባ ማለት ነው። የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ ደግሞ በ2021 በራሱ ሮኬት ጠፈር ደርሶ ተመለሰ። ሲመለስ የካውቦይ ኮፍያ አድርጎ፣ ወጪውን የሸፈናችሁት እናንተ ናችሁ ብሎ የአማዞንን ሠራተኞችና ደንበኞች አመሰገነ። ብሩክስ ይህን ጽፎት ቢሆን ኖሮ አበዛኸው ይባል ነበር።

ያኔስ ስቱዲዮው ንግድ አልነበረም ወይ የሚል አይጠፋም። ነበር። ግን ሮኬት አልነበረውም። ዛሬ ቀላሉ መንገድ በሌሎች ፊልሞች ተከታታይ ክፍሎች ብዛት መቀለድ ነው። የማስታወቂያው ቪዲዮም በዚያው ነው የጀመረው። ያ ማንንም አያስቀይምም። ሉካስ ከልክሎ ቀልድ ወለደ፤ አማዞን ግን የሚከለክለው ነገር የለም፤ ሁሉንም ራሱ ይሸጠዋል። ባለቤቱ የሚከፍለው ቀልደኛ ባለቤቱ ላይ ይቀልድ እንደሆነ ነው ጥያቄዬ። እስካሁን ያየሁት ብዙ ተስፋ አልሰጠኝም፤ በዚህ ብሳሳት ደስ ይለኛል።

ትኬቴን ግን እቆርጣለሁ። ዮገርት ሱቁን እንደገና ከከፈተ የማየው ካርቶኖቹን ነው፦ ያ ፈገግታ የሚመስል ቀስት ላያቸው ላይ ይኖር ይሆን?