የሽኝቱ ኬክና የስቱዲዮው ሒሳብ

ባለፈው ዓርብ አመሻሹ ላይ በአንድ የአዲስ አበባ ዲዛይን ስቱዲዮ የሽኝት ፕሮግራም ላይ ተገኝቼ ነበር። የሚሸኘው በቤቱ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ግራፊክ ዲዛይነር ነው። ኬክ ተቆረሰ፤ ለስላሳ ተከፈተ፤ የባልደረቦቹ ፊርማ ያረፈበት ፍሬም ተሰጠው። የስቱዲዮው ባለቤት ንግግር ሲጀምሩ ሲቃ ያዛቸው። «ይህን ቤት ያቆምነው አብረን ነው» አሉና ተቀመጡ። ዲዛይነሩም «ጋሼ፣ እዚህ የተማርኩት ሙያ ብቻ አይደለም» ብሎ አቀፋቸው። ከልብ የሆነ ስንብት ነበር።

የዚህን ዓምድ ጸሐፊ ያሳሰበው ግን ከንግግሩ በኋላ የሆነው ነው። የቡና ማሸጊያቸውን ለዓመታት በዚሁ ስቱዲዮ ያሠሩ አንዲት ነጋዴ የኬክ ሳህናቸውን እንደያዙ ወደ ተሰናባቹ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ የግል ስልክህን ስጠኝ እንጂ፤ እኔ የማውቀው አንተን ነው» አሉት። የስቱዲዮው ባለቤት ሁለት እርምጃ ርቀው ቆመው ነበር። ሰምተዋል። ፈገግ ከማለት በቀር ምን ይበሉ?

ኮምፒዩተሩ፣ ፕሪንተሩና ወንበሩ በስቱዲዮው የንብረት መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፤ በየዓመቱም የእርጅና ቅናሽ ይታሰብላቸዋል። የእኚያ ነጋዴ እምነት ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። ተቀምጦ የነበረው በአንድ ሠራተኛ ዘንድ ሲሆን፣ እርሱም ዓርብ ማታ ፍሬሙን ይዞ ወጥቷል። ይህ ለደላሎች አዲስ ነገር አይደለም። የስልክ ደብተሩን የያዘው ሰው ሲለይ ለቢሮው የሚቀረው የኪራይ ዕዳ መሆኑን ያውቁታል።

ችግሩ የትናንሽ ቤቶች ብቻም አይደለም። እንግሊዛዊው ዲዛይነር ጆኒ አይቭ አፕል ኩባንያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። አይማክ፣ አይፖድና አይፎን የተቀረጹት እርሳቸው በመሩት ስቱዲዮ ነበር። ሊለቁ መሆናቸው እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2019 ሲነገር፣ ከመደበኛው የግብይት ሰዓት በኋላ የኩባንያው አክሲዮን አንድ በመቶ ገደማ ወረደ። አንድ በመቶ ትንሽ ትመስላለች፤ በአፕል ግዝፈት ስትሰላ ግን ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ትጠጋለች። የአንድ ዲዛይነር መሰናበቻ ዋጋ ይህን ያህል ተገመተ ማለት ነው።

ኩባንያው ምን አደረገ? የስንብቱን ዜና ባወጣበት ዕለት የዲዛይን ቡድኖቹን የሚመሩትን ሰዎች በስም አሳወቀ። ተሰናባቹ የራሳቸውን ድርጅት እንደሚከፍቱና አፕልም ከዋነኛ ደንበኞቻቸው አንዱ እንደሚሆን ጨምሮ ገለጸ። ገበያው «ማን ይተካቸዋል?» ብሎ ሳይጠይቅ መልሱ ተሰጠው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአክሲዮኑ ዋጋ ከሽኝቱ ዜና ቀን በእጅጉ በልጦ ነበር። ይህ ሁሉ የሽኝቱ ፍሬ ነው አንልም። ሰውዬው ሲለዩ ግን ቤቱ ባዶ አለመሆኑ ለሁሉም ታይቷል።

ደግሞም መልካም ሽኝት ሰውን ለዘለዓለም አያስርም። አፕልና አይቭ የነበራቸው ውል እ.ኤ.አ. በ2022 ማብቃቱ ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ኦፕንኤአይ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ አይቭ ከሌሎች ጋር የመሠረቱትን ድርጅት በ6.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት መስማማቱን አስታውቋል። የትናንቱ ባልደረባ የነገ ተወዳዳሪ ሊሆን ይችላል። በአግባቡ የሸኘ ቤት የሚያተርፈው ጊዜ ነው፤ ተተኪው ከደንበኛ ጋር እስኪተዋወቅ ድረስ ያለው ጊዜ።

ወደ እኛ ቤት እንመለስ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ሠራተኛው በቅጥር ሥራው ላይ ያፈለቀው ሥራ ባለመብት አሠሪው መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ሎጎውም፣ የማሸጊያው ዋና ፋይልም የስቱዲዮው ነው። ነገር ግን ደንበኛዋ የመጀመሪያውን ቀይ ቀለም ለምን እንደጠሉት፣ የትኛው ማተሚያ ቤት ያን ወረቀት በደንብ እንደሚያትም፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተሠራው ፋይል በየትኛው ሃርድ ዲስክ እንዳለ የሚነግር አዋጅ የለም። ይህ የሚገኘው ከሰውዬው አንደበት ነው፤ እርሱም የሚናገረው ከተጠየቀና ልቡ ካልቀዘቀዘ ነው።

በ30 ቀኑ ውስጥ መሠራት ያለበት እንግዲህ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ፣ ተሰናባቹ ከተተኪው ጋር ሆኖ ዋና ዋና ደንበኞችን በአካል ይጎብኝ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ሥራዎን የምትይዘው እርሷ ናት» የሚለው ቃል ከእርሱ አፍ ይውጣ። ቀጥሎ፣ ሁለቱ አንድ ሳምንት ጎን ለጎን ተቀምጠው ፋይሉን ከነታሪኩ ይረካከቡ። በመጨረሻም፣ ሒሳቡ ሳይጓተት ይከፈለው፤ የሥራ ልምድ ማስረጃው ይሰጠው፤ የሠራቸውን ሥራዎች በስሙ ለሌላ ቀጣሪ እንዲያሳይ በጽሑፍ ይፈቀድለት። ማስረጃውን ያለ ክፍያ መስጠት የሕግ ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ እንደ መቀጫ ይዘው የሚያቆዩ አሠሪዎች አሉ። እንዲህ የተያዘ ሰው ስለ ቀድሞ ቤቱ በገበያው ውስጥ ምን እንደሚያወራ መገመት አያስቸግርም።

«በገዛ እጄ ከደንበኛ ጋር ልላከው? ይዞብኝ ቢሄድስ?» የሚሉ ይኖራሉ። ደንበኛውን እርሱ ድሮም ያውቀዋል። ደንበኛው የማያውቀው ተተኪዋን ነው። ጉብኝቱ የሚሞላው ይህንን ጉድለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን የዘጠኝ ዓመት ጥገኝነት በ30 ቀን አይፈታም። ከደንበኛ ጋር በሚደረግ ስብሰባ ሁለት ዲዛይነር ማስቀመጥ መጀመር ያለበት ማንም ሊለቅ ባላሰበበት ጊዜ ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤው ከገባ በኋላ የሚደረገው ሩጫ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው። በእንዲህ ያለ ድርጅት ድርሻ ለመግዛት የምታስቡ ባለገንዘቦችም የሒሳብ ሪፖርቱን ካያችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ኮከብ የሚባለውን ሠራተኛ ሳይሆን ሁለተኛውን አስተዋውቁን በሉ። ሁለተኛ ሰው ከሌለ ዋጋውን ቀንሱ።

ሰኞ ጠዋት ለተሰናባቹ ዲዛይነር ስልክ ደወልኩ። በዕለተ ቅዳሜ የቀድሞ አሠሪው ደውለው፣ ከወጣቷ ተተኪ ጋር ወደ ቡና ነጋዴዋ ዘንድ እንዲሄድላቸው ለምነውት እሺ ብሏል። ቅር አላለህም ወይ አልኩት። «ጋሼ ቀድመው ቢጠይቁኝ ኖሮ ባለፈው ወር እወስዳት ነበር» አለኝ። «ሳይጠይቁኝ ልውሰዳት ብል ደግሞ ቤቱን ንቄ የምሄድ ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ።»